መንቶቹ ሁለቱም ወጥተዋል

ሐይቅ ከተማ ተወልዶ ውሃ የሚፈራ ሰው አለ ቢባል እኔ ነኝ። እናቴ ያሳደገችን ሐይቁ ዳር ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ጠብሳ እየሸጠች ነው። የበላሁት ከሐይቁ ነው፣ የለበስኩትም ከሐይቁ ነው፤ ሆኖም ውሃው ከጉልበቴ ካለፈ ወደ ዳር እሮጣለሁ። መንታ ወንድሜ ግን ገና በልጅነቱ እንደ ዓሣ ይዋኝ ነበር። እናታችን «አንዱን ከውሃ፣ አንዱን ከአመድ ነው የሠራልኝ» እያለች ትስቅብን ነበር።

ከዚህ በቀር የሚለየን ነገር አልነበረም። ቁመታችን፣ ድምፃችን፣ አረማመዳችን፣ ሌላው ቀርቶ የፊት ጥርሳችን መደራረብ አንድ ነው። ሰፈሩ ሁለት ስም መያዝ ሰልችቶት «መንቶቹ» ብሎ ተገላገለ። አንዳችን ብቻውን ሱቅ ቢሄድ እንኳ ባለሱቁ «መንቶቹ መጡ» ይል ነበር። እኔን ያስቀኝ ነበር። ወንድሜም የሚስቅ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት ወንድሜ ሊሄድ መሆኑን ሰማሁ። በእኛ አገር «ሊሄድ ነው» ከተባለ ወዴት ብሎ የሚጠይቅ የለም። በጅቡቲ በኩል ባሕሩን በጀልባ ተሻግሮ የመን፣ ከየመን ደግሞ ሳዑዲ ነው። ደርሰው ለእናታቸው የብሎኬት ቤት ያሠሩ አሉ። «ባሕሩ ዳር ደርሰናል» ብለው ከደወሉ በኋላ ስልካቸው ዳግም ያልጠራም አሉ። ከሰፈራችን ልጆች የአንዱ እናት ዛሬም ስልኳን ከእጇ አትለይም። እኔ ወንድሜን በዚያ ጀልባ ላይ ባሰብኩት ቁጥር ሌሊት ከእንቅልፌ እባንን ነበር። አትሂድ ብዬ እንዳልለምነው ደግሞ ከለመኑት እንደሚብስበት አውቃለሁ። ጠባዩን ማን ይነግረኛል? የራሴው ነው።

በዚያው ሰሞን ሐይቁ ላይ የጀልባ ውድድር እንደሚደረግ በመኪና ተለፈፈ። ሁለት ሁለት ሆኖ መቅዘፍ ነው። ሁለት ጀልባ ይገጥማል፣ የተሸነፈው ይሰናበታል፤ እንዲህ እየተንጠባጠበ መጨረሻ የቀረው ጥንድ የሽልማቱን ገንዘብ ይወስዳል። ሽልማቱ ሁለታችን ባጠራቀምነው ላይ ቢጨመር ባጃጅ ያስገዛል። ባጃጅ ያለው ሰው ምን ቆርጦት ባሕር ይሻገራል? ያኔ ነገሩ ሁሉ የገንዘብ ጉዳይ ይመስለኝ ነበር።

«እንወዳደር» አልኩት።

«አንተ? ውሃ ላይ?» ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ካሸነፍን ትቀራለህ?»

ሳቁን አቆመ። «ካሸነፍን እቀራለሁ። ከተሸነፍን ግን ወላሂ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ» አለኝ። እጅ ለእጅ ተማታን።

የውድድሩ ቀን ዳርቻው በሰው ጥቁር አለ። ለየጥንዱ አንድ ዓይነት ቲሸርት ታደለ፤ የእኛ ብርቱካናማ ነበር። ማይክራፎን የያዘው ሰውዬ እኛን ሲያይ ሠርግና ምላሽ ሆነለት፤ «አንዱን ሰው ሁለት ቦታ ታያላችሁ!» እያለ ሰውን አሳቀብን። የመንሳፈፊያ ጃኬት ሰጡን። እኔ የእኔን እስከ አንገቴ ቆለፍኩት። ወንድሜ «ክንዴን አላንቀሳቅስ አለኝ» ብሎ የእሱን አውልቆ ጀልባዋ ውስጥ ወረወረው።

ቀዝፎ መሀል ላይ የተንሳፈፈውን ቢጫ ጀሪካን መዞርና መመለስ ነው። የመጀመሪያውን ዙር አላህ ያውቃል፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የቀዘፍኩት። ቢስሚላህ ብዬ ጀምሬ ቢስሚላህ ስል ጨረስኩ። አሸነፍን። ሁለተኛውንም አሸነፍን። ባሸነፍን ቁጥር ግን ፍርሃቴ በረታ እንጂ አልቀለለም፤ አሁን የሚጠፋ ነገር አለና።

ከተወዳዳሪዎቹ ውስጥ ሁላችን የሳቅንባቸው ሁለት የአምባሰል ሰዎች ነበሩ። ውጫሌ ላይ የብረት በርና መስኮት የሚሠሩ የአጎት ልጆች ናቸው። መቅዘፊያውን እንደ አካፋ ይዘው ውሃውን ይዝቁታል። ጉልበታቸው ግን ጉድ ነው፤ የሳቀባቸውን ሁሉ ተራ በተራ አሰናበቱት። ከእኛ ቀጥሎ ተረኞች እነሱ ስለነበሩ ጀልባቸው ላይ ሆነው ዳር ይጠብቁ ነበር።

በሦስተኛው ዙር ስንወጣ ነፋስ ተነሥቶ ነበር። ጀሪካኑ ጋ ስንደርስ የተቃራኒዎቻችን ጀልባ ተጠግቶ ጎናችንን ገጨው፤ ጀልባችን ወደ ግራ ዘመም አለች። በእንዲህ ያለ ጊዜ አንዱ ወደ ቀኝ ሲያጋድል ሌላው ባለበት ሆኖ ሚዛን ይጠብቃል፤ ሌሎቹ ጥንዶች ሁሉ የሚያደርጉት ይህንን ነው። እኔና ወንድሜ ግን ሳንነጋገር፣ በአንድ ቅጽበት፣ በእኩል ጉልበት ሁለታችንም ወደ ቀኝ ተወረወርን። ተገለበጥን።

ውሃው አፌን ሞላው። የት ላይ እንደሆነ፣ የት ታች እንደሆነ አላወቅሁም። ብብቴ ስር እጅ ገባ፤ የወንድሜ እጅ ነው፣ ወደ ላይ ይገፋኛል። ሰማይ አየሁ። ከዚያ እጁ ለቀቀኝ። የነፍስ አድን ጀልባ ደርሶ በጃኬቴ አንገት ጎትቶ አወጣኝ። ዳር ድንኳን ውስጥ አስገቡኝ፣ ጃኬቱን አውልቀው ብርድ ልብስ አለበሱኝ። የጠጣሁትን ውሃ አስታውኬ ቀና ስል ወንድሜ የለም።

ብርድ ልብሱን ጥዬ በድንኳኑ ጀርባ ሮጥኩ። ነፋሱ ነገሩን ሁሉ ወደ ፊላው፣ ሐይቁ ዳር ወደበቀለው ሸምበቆ፣ በኩል ይገፋ ስለነበር ወደዚያ ሄጄ እስከ ደረቴ ውሃው ውስጥ ገባሁ። እኔ! እዚያ የቆሙ ሌሎች ጠባቂዎች ነበሩ፤ ከድንኳኑ መምጣቴን አላዩም። ብርቱካናማ ቲሸርት ሲያዩ እየጮኹ ገብተው ጎትተው አወጡኝ።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ሆነ። ድንኳኑ ያሉት «አንዱን አውጥተናል» አሉ። ፊላው ጋ ያሉት «አንዱን አውጥተናል» አሉ። ማንም አልዋሸም። ሁለቱንም ጊዜ የወጣሁት ግን እኔ ነበርኩ።

«መንቶቹ ሁለቱም ወጥተዋል!» አለ ማይክራፎኑ። «አጨብጭቡላቸው!»

ዳርቻው ሁሉ አጨበጨበ። የነፍስ አድኑ ጀልባ ሞተሩን አጠፋ።

«ወንድሜ አልወጣም» አልኩ።

«አብሽር፣ ድንኳኑ ውስጥ ነው፤ አሁን በዓይኔ አይቼው ነው የመጣሁት» አለኝ ከማዶ ሮጦ የመጣ ወጣት።

በአላህ ስም እምላለሁ፣ አመንኩት። ከደስታዬ ብዛት እየወደቅሁ እየተነሣሁ ወደ ድንኳኑ በረርኩ። ስገባ መሬቱ ላይ የጣልኩት እርጥብ ብርድ ልብስ ብቻ ነበር። ያየው ሰው እኔን ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። «እሱ እኔ ነኝ! እዚህ የነበርኩት እኔ ነኝ! እዚያ የነበርኩትም እኔ ነኝ!» እያልኩ የሰው ደረት ያዝኩ። «ውሃ ጠጥቷል፣ ይቀባጥራል፣ አስተኙት» ተባባሉ። እኔ አንድ መሆኔን በምን ላስረዳ? ማይክራፎኑ የሚቀጥሉትን ጥንዶች መጥራት ጀምሯል።

ያን ጊዜ እናቴን አየኋት። ከዓሣ መጥበሻዋ ተነሥታ፣ ቀሚሷን ሳትሰበስብ ቀጥ ብላ ውሃው ውስጥ ገባች። ሊነሡ የተሰናዱትን የአምባሰሎቹን ጀልባ አፍንጫ በሁለት እጇ ያዘች።

«እማማ፣ አብሽሩ እንጂ፤ ልጆችዎ ወጥተዋል እኮ!» አላት ማይክራፎን የያዘው ሰውዬ።

«ወጥተዋል አትበለኝ፣ አሳየኝ! እኔ ሁለት ነው የወለድሁት። ሁለቱን ጎን ለጎን አቁምልኝና ሂድ!»

«አንዱ ድንኳን ጋ፣ አንዱ ፊላው ጋ…»

«ጎን ለጎን ብየሀለሁ!»

ሰውዬው ዞር ዞር አለ። የተገኘሁት እኔ ብቻ ነኝ። ከአምባሰሎቹ ታላቅየው ወደ እኔ አየ፣ ወደ ድንኳኑ አየ፣ ከዚያ ፊቱ ተለዋወጠ። «እማማ፣ ይልቀቁን» አላት። «ለውድድሩ አይደለም። ልንፈልገው ነው።»

እንደ አካፋ በያዙት መቅዘፊያ ያን ውሃ እንዴት እንደዛቁት! ጀሪካኑን ትተው ፊላው ውስጥ ገቡ። እናቴ ክርኔን ይዛኛለች፤ ጥፍሯ ሥጋዬ ውስጥ ገብቷል፣ አልተሰማኝም። «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ትላለች። እኔ ዱዓ እንኳ ጠፋኝ። «ወንድም የለኝም» የሚባለውን ነገር በአፌ እንዴት እንደምለው ብቻ ነበር የማስበው።

አገኙት። ነፋሱ ወደዚያ ገፍቶት፣ ሰው ጥሎት በሄደ አሮጌ መረብ እግሩ ተጠላልፎ፣ የፊላ አገዳ በሁለት እጁ ጨብጦ፣ አፍንጫው ብቻ ከውሃው በላይ ሆኖ ነው ያገኙት። ታላቅየው መረቡን በሴንጢ ቆራርጦ ወንድሜን ጀልባው ላይ ጫነው። ከንፈሩ ጥላሸት መስሏል፤ ግን ይተነፍሳል። ሽልማቱን ማን እንደወሰደው እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም።

ጤና ጣቢያ በነጋታው ዓይኑን ገልጦ አየኝ።

«ሰምቼዋለሁ» አለኝ።

«ምኑን?»

«ሁለቱም ወጥተዋል ሲል። ጭብጨባውንም። ልጮህ አፌን ስከፍት ውሃ ይገባብኛል፤ ዝም ስል እነሱ ያጨበጭባሉ። ከእንግዲህ የሚመጣ እንደሌለ ያኔ ገባኝ። አንተን አይተዋላ!»

«አየህ፣ ባሕሩ ደግሞ ከዚህ ይብሳል» አልኩት። ለማስፈራራት እንኳ ድፍረት አልነበረኝም፤ የምለምነው እኔው ነበርኩ።

«ለገንዘብ መስሎህ ነው የምሄደው?» አለኝ። «እዚያ መንቶቹ የሚለኝ የለም። አንተ ከቆምክ እኔም ያለሁ የሚመስለው የለም። ብኖርም ብሞትም አንድ ሰው ነኝ።»

ወንድሜን አገር የሚያስለቅቀው ድህነት ነው ስል፣ ለካ የእኔ ፊት ነው። ውሃ ቢፈሩት ይሸሹታል፤ ፊትን ይዞ ወዴት ይሸሻል?

ከሰዓት በኋላ ታላቅየው የአምባሰል ሰው ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀው መጣ። በሩ ላይ ሳለ ወደ ኮሪደሩ መለስኩት።

«ውጫሌ እናንተ ጋ ሥራ ይኖራል?» አልኩት።

«ለሁለታችሁ?»

«ለእሱ ብቻ። መንታ እንዳለውም ማንም እንዳይሰማ።»

ምነው አላለኝም። ማተቡን በጣቱ እያሻሸ አሰበና «የአጎቴን ልጅ አፍ እኔ እዘጋዋለሁ» አለ። ገብተን ለወንድሜ ስነግረው መጀመሪያ የቀለድኩበት መሰለው። ከዚያ «አንተስ?» አለኝ።

«እኔ ውጫሌ አልመጣም» አልኩት። «መቼም።»

ባሕሩ ቀረ። ወንድሜ ውጫሌ ብረት ይበይዳል፤ ማታ ማታ እንደዋወላለን፤ ለአረፋ ቤት መጥቶ ያከብራል። እናታችን በገበያ ቀን ብቻዋን ሄዳ ታየዋለች። ስትመለስ «ከስቷል» ትላለች፤ አልከሳም፣ እኔን እያየች ነው የምታስታውሰው፣ የከሳሁት እኔ ነኝ።

በቅርቡ ወልድያ ለለቅሶ መሄድ ግድ ሆነብኝ። መንገዱ ውጫሌን ያልፋል። አውቶቡሱ ተሳፋሪ ሊጭን ቆመ፤ ፎጣዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ መስኮቱ ስር አቀረቀርኩ። ፎጣው ግን ሸርተት አለና ብርቱካን የምታዞር ሴት አየችኝ።

«ውይ! አንተ! አሁን በያጁ ቤት ትቼህ አልመጣሁም እንዴ?»

ፎጣዬን መልሼ ጎተትኩ። «ተሳስተሻል እቴ፣ አታውቂኝም» አልኳት።

ተጠግታ አፍጥጣ አየችኝ። «ወላሂ ቁርጥ እሱን! በአላህ፣ ወንድም አለህ?»

«የለኝም» አልኳት።