ሁለት የተስፋዬ ልጆች

ከአገር የወጣሁ ለት ማታ እናቴ ሻንጣዬን እየዘጋች «ስምሽን አደራ» አለችኝ። ጠባይሽን ጠብቂ ማለቷ መስሎኝ ነበር። ፍራንክፈርት ስገባ ግን መጀመሪያ የተነካው እሱው ስሜ ሆነ። ትዕግስት ተስፋዬ የነበርኩት ፍራው ተስፋዬ ተባልኩ፤ አባቴ ነፍሱን ይማረውና፣ ከሞተ በኋላ እዚህ መጥቶ ወይዘሮ ሆነ።

ፍሉግሃፈን፣ አውሮፕላን ማረፊያው፣ ጽዳት እየሠራሁ ኩላሊቴን ታመምኩ። ሐኪም ቤቱ ውጤቴን ለእኔ ወደምኖርበት ሰፈር፣ ወደ ጉትሎይትፊርቴል፣ በመላክ ፈንታ ሆኽስት ሰፈር ለምትኖር ሌላ ፍራው ተስፋዬ ላከው። ሂሩት ትባላለች፤ ክፉ ልጅ አይደለችም። ከፍታ አነበበችውና ደንግጣ፣ ሁለታችንም በምንሄድበት ቤተ ክርስቲያን ስሜን ጠርታ «ጸልዩላት» ብላ ተናገረች። እሑድ ስሄድ የማላውቃቸው ሴቶች ሁሉ «እግዚአብሔር ይማርሽ» ይሉኛል። አፈርኩ፣ ተናደድኩም። ከሁሉ የጨነቀኝ ግን ወሬው አገር ቤት ተሻግሮ እናቴ ጆሮ እንዳይገባ ነው፤ ደም ግፊት አለባት።

ዳተንሹትስ ለሚባለው፣ የሰው ምስጢር ለሚጠብቀው ቢሮ በሐኪም ቤቱ ላይ አመለከትኩ። ሠራተኛው ደወለልኝ።

«ደብዳቤው የደረሰው ለቤተሰብዎ ነው አይደል?»

«ቤተሰቤ አይደለችም።»

«ፋሚሊየንናመዋ፣ የቤተሰብ ስሟ፣ ከእርስዎ ጋር አንድ ነው።»

«እሱ የአባቷ ስም ነው።»

«እኮ። የእርስዎም አባት ተስፋዬ ናቸው።»

በዚህ ከሄድን ግማሽ አዲስ አበባ እህትና ወንድሜ ነው። «ደብዳቤው የደረሰው ለቤተሰብ ነው» ብለው መዝገቡን ዘጉት። ቢሮውን ፍርድ ቤት ከሰስኩት፤ ፍርድ ቤቱም «በቂ ማጣራት ተደርጓል» ብሎ ፈረደበኝ።

ፍርዱን ያነበቡልኝ ጋሽ በለጠ ናቸው፤ ከተማሪነታቸው ጀምሮ እዚህ የኖሩ ጡረተኛ።

«አሁን ይግባኝ ልበል?» አልኳቸው።

«አይቻልም። መጀመሪያ ይግባኝ ለማለት ፈቃድ ትጠይቂያለሽ።»

«ፈቃዱን ቢከለክሉኝስ?»

«እዚያ ላይ ያበቃል።»

«እኛ አገር አቤት ለማለት ወረፋ እንጂ ፈቃድ አያስፈልግም እኮ፣ ጋሼ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔም ይህን ሁሉ ዘመን ኖሬ አልገባኝም፣ ልጄ።»

የያዝኳት ጠበቃ ፈቃዱን ለመጠየቅ አንድ ወር ብቻ እንዳለኝ ነገረችኝ። ማመልከቻው ላይ በሽታዬ እንደገና ይጻፋል፤ ዳኛውም፣ ጸሐፊውም፣ አስተርጓሚውም ያነበዋል። ምስጢሬን ለመጠበቅ ለስንት ሰው ልናገር? ግራ እንደገባኝ ፈረምኩ።

ትናንት ለእናቴ ደወልኩ። ከሌላ ሰው ከምትሰማው ብዬ ነገሩን በጨዋታ አነሳሁላት፤ በስም መመሳሰል ደብዳቤዬ ሰው ቤት ገብቶ ፍርድ ቤት እየተመላለስኩ ነው አልኳት። ሳቀች። «አባትሽ ይህን በሰማ» አለች። ከዚያ ግን ጠየቀችኝ፣

«ደብዳቤው ላይ ምን ተጽፎ ነበር?»

«እማዬ፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው።»

ድምፅዋ ጥርት ብሎ ይሰማኛል። እዚህ ማንም በማይጠራኝ በገዛ ስሜ እየጠራችኝ ነበር። «ትዕግስት... ትዕግስትዬ፣ ምን ነበር?»