የውኃው ወሰን

ዘመነ ሉቃስ ነበር፤ በንጉሡ ጊዜ፣ ማሽላ ተቆርጦ አውድማው በእበት የሚለቀለቅበት በጋ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ ካረፈች ዓመት አልሞላትም። የቤቱ ወፍጮ የእኔ ሆኖ መዳፌ ይላጣል፣ ይደርቃል፣ እንደገና ይላጣል።

ያን ሰሞን ፈረንጆች ከአስተርጓሚ ጋር ወደ ስማዳ ቆላ ወረዱ። የዓባይን ገደል በመነጽር ሲያዩ ሰነበቱና ከቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር በላይ ቀይ የተቀባ ችካል ተከሉ።

«ወንዙ ሲገደብ ውኃው እዚህ ድረስ ይተኛል» አለ አስተርጓሚው። «መብራት ይወጣበታል። ዝናብ ቢቀር ውኃ አይጠፋም። ወፍጮውንም መብራቱ ያዞረዋል።»

 አክስቴ ዝምታ አታውቅም።

«ዓባይ ማደሪያ የለው ሲባል ኖሮ፣ ማደሪያው የእኛ ደጅ ሆነና? እኛ ሰምጠን መብራቱ ለዓሣ ነው እንዴ፣ ጌታው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። መብራት እንዴት እንደሚፈጭ አልገባኝም፤ ግን እንዲፈጭልኝ ፈለግሁ። የእናቴ መቃብር ደግሞ ከችካሉ በታች ነበር። ሁለቱን አብሬ ማሰብ አቃተኝ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመልሼ ችካሉን እያወዛወዝኩ ነቀልኩት። ከመቃብሯ ግርጌ ዝቅ አድርጌ በድንጋይ ቀጥቅጬ ተከልኩት። በአገራችን የወሰን ምልክትን ሰው አያልፈውም፤ ውኃም የሚያልፈው አልመሰለኝም። ወፍጮውም ይመጣል፣ እናቴም ትተርፋለች ብዬ እየሮጥኩ ቤት ገባሁ።

ራት ላይ አባቴ የሁለት ጎረቤቶችን የእርሻ ክርክር አነሣና «ወሰን የነቀለ ርጉም ነው ይላል መጽሐፉ» አለ። የጠቀለልኩትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥኩ። እናቴን አዳንኩ ወይስ ራሴን አስረገምኩ?

ያ ግድብ በእኛ ቀበሌ አልተሠራም። ዛሬ እህሌን በመብራት ወፍጮ አስፈጫለሁ፤ መዳፌ ድኗል፤ ተመስገን። ግን መብራቱ ከየትኛው ወንዝ እንደመጣ፣ ከውኃው በታችም የማን እናት እንደቀረች አላውቅም። ሳበራው አመሰግናለሁ፤ ለማላውቃትም «ነፍስ ይማር» እላለሁ። ልክ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

በዚያ ራት ማግሥት ማለዳ፣ አባቴ ሳይነሣ፣ ችካሉን ወደ ቦታው መለስኩት። ከእናቴ መቃብር ላይ አንዲት ድንጋይ አንሥቼ ከችካሉ በላይ አስቀመጥኩ፤ ውኃው ከመጣ እናቴ የምትቀመጥበት እንዲኖራት። ከዚያ ወደ ወፍጮዬ ሄድኩ።