በገፈርሳ መንገድ ሁለት የስልክ እንጨት

የልጅ ልጄ ማህሌት ባለፈው ሐሙስ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር አመጣችው። «እማማ፣ ይዩት እስቲ፤ ቅዳሜ የምንሄድበት መንገድ ነው» አለችኝ። መነጽሬን ፈልጌ አየሁት። ሰማያዊ መስመር ነው፤ ከጉለሌ ይነሣና ሸጎሌን አልፎ፣ ኮረብታ ለኮረብታ እየተጠማዘዘ ሄዶ አንድ ውሃ ይዞራል። ውሃውን ስሙ ሳይነገረኝ አወቅሁት። ገፈርሳ ነው።

እሷና ጓደኞቿ በየሳምንቱ እንዲህ ያለ መንገድ እየፈለጉ በሳይክል ይሄዳሉ። አስፋልት አይወዱም። ጠጠርና አቧራ ያለበት፣ ዳገቱ የበዛ ሲሆን ነው ደስ የሚላቸው። ከመስመሩ ሥር እንደ መጋዝ ጥርስ ከፍ ዝቅ የሚል ሌላ ሥዕል አለ። «ይሄስ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ዳገትና ቁልቁለቱ ነዋ። ኪሎ ሜትሩ እኩል ቢሆንም ድካሙ እኩል አይደለም።»

ስልኩን መለስኩላትና እራት አታቀርቢም ወይ ብዬ ተቆጣኋት። ልጅቷ ምን እንዳጠፋች ግራ ገብቷት ወደ ጓዳ ሄደች። ምንም አላጠፋችም። እኔ በአሥራ አምስት ዓመቴ ያልገባኝን ነገር ስልክ ስላወቀው ነው የተናደድሁት።

በዚያን ጊዜ እኛ ሰፈር ሴት ልጅ ሳይክል ስትነዳ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ያያት ነበር። እኔና ዘይነባ ግን እንነዳ ነበር። ዘይነባ ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የምትቀመጥ ጓደኛዬ ናት። አባቷ ጋሽ ነስሩ ከሥልጤ አገር የመጡ ነጋዴ ናቸው፤ ከአዲሱ ገበያ ከፍ ብሎ ሱቅ ነበራቸው። ሳይክሉ የታላቅ ወንድሟ የሸምሱ ነው፦ ጥቁር፣ ከባድ፣ የወንድ ሳይክል። ፍሬኑ ስለማይዝ ቁልቁለት ላይ የምናቆመው በጫማችን ነው። የኋላ መቀመጫውን ሸምሱ ፈትቶ ጥሎታል፤ ስለዚህ ሁለት ሰው አይጭንም።

ለዚህ የሰፈሩ ልጆች ደንብ ነበረን። አንዷ አሥር የስልክ እንጨት ቆጥራ ትነዳለች። አሥረኛው ላይ ሳይክሉን አስደግፋ ትተወውና በእግሯ ትቀጥላለች። ሌላዋ ከኋላ በእግሯ ደርሳ ታነሣዋለች፤ ጓደኛዋን አልፋ እሷም አሥር እንጨት ትነዳለች። እንዲህ እየተቀባበሉ ሁለት ሰው በአንድ ሳይክል ሩቅ ቦታ ይደርሳሉ። ደንቡን ከሁሉ አጥብቄ የማስከብረው እኔ ነበርሁ። አሥራ አንደኛው ላይ የተወ እኔ ዘንድ ሌባ ነው። ልጆቹ «ዳኛዋ» ይሉኝ ነበር፤ እኔም ደስ ይለኝ ነበር።

መጋቢት ላይ ነው፤ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ልንፈተን ጥቂት ወራት ቀርተውናል። ሸምሱ እሁድ እሁድ ገፈርሳ ሄዶ እየመጣ ስለ ውሃው ስፋት ሲያወራልን ምራቃችንን እንውጣለን። አንድ እሁድ እኛም እንሂድ ተባባልን። እኔ ለእናቴ እንጦጦ ማርያም ልሳለም ነው አልኳት። ዘይነባ ለአባቷ ያለችው ነገር የለም። ጋሽ ነስሩ እሁድ ዕቃ ሊያመጡ መርካቶ ወርደው የሚመለሱት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ሸምሱ ሳይክሉንም ሰዓቱንም አውሷት እስከዚያ ሱቁን ሊጠብቅላት ተስማማ።

ዘጠኝ ሰዓት ቀልድ አልነበረም። አባቷ አንድ ቀን ሳይክል ላይ አይተዋት «ሁለተኛ ባይሽ ትምህርቱ ይቀርና አገር ቤት አያትሽ ዘንድ ትሄጃለሽ» ብለዋት ነበር። ጋሽ ነስሩ ያሉትን የሚያደርጉ ሰው ናቸው። ዘይነባ ደግሞ በሒሳብ ከክፍላችን አንደኛ ናት፤ ነርስ እሆናለሁ ትላለች።

«ዘጠኝ ሰዓት፣ እሺ?» አለችኝ ስንነሣ።

«እሺ አልኩሽ እኮ። አንቺ ብቻ ቆጥረሽ ንጂ።»

«አንቺ መቃብር ውስጥም እንጨት ሳትቆጥሪ አትቀሪም!» ብላ ሳቀች።

ከሸጎሌ ወዲያ ዋናውን መንገድ ትተን በኮረብታው በኩል ወደ ግድቡ የሚወስደውን የጠጠር መንገድ ያዝን። የስልኩ ሽቦ መንገዱን ተከትሎ ይሄዳል። ጠጠሩ ከጎማው ሥር እንደሚቆላ ሽምብራ ይንጣጣል። ዝናብ ከጠፋ ሰንብቷል፤ የባሕር ዛፉ ቅጠል ሳይቀር አቧራ ለብሷል። ዳገቱ ላይ ተራ የደረሰባት ሳይክሉን እየገፋች ትወጣለች፤ ቁልቁለቱ የደረሳት ትበራለች። ይህ ፍትሕ ነው ወይ ብዬ አልጠየቅሁም። አሥር አሥር ነው፤ በቃ።

ሐይቁ ሊታይ ሲል ረጅም ቁልቁለት አለ። ተራው የዘይነባ ነበር። እኔ ከኋላ በእግሬ እየቆጠርሁ ወረድሁ። አሥረኛው እንጨት ሥር ሳይክል የለም። አራት እንጨት ፈላጭ ጎረምሶች መጥረቢያቸውን አጋድመው ተቀምጠዋል። አንዱ ነጠላዬን ጫፉን ያዘና «ያችኛዋ እንደ ወፍ በረረች! አንቺን ጥላልን ሄደች እንዴ?» አለ። ሌሎቹ ሳቁ። ነጠላዬን መንጭቄ ሮጥሁ። አሥራ ሁለተኛው እንጨት ጋ ዘይነባ ሳይክሉን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። ዓይኗን ከኋላዬ ካለው መንገድ አልነቀለችም።

«ሁለት እንጨት ሰርቀሻል» አልኳት።

«ስሚኝ እንጂ፣ እዚያ እኮ...»

«አልሰማም! አሥረኛው ላይ ብትተዪው ኖሮ ወጥቼበት አመልጥ ነበር። ቁልቁለት ሲሆን ጊዜ ቁጥር ጠፋሽ!»

ሳይክሉን ወደ እኔ ገፋችው።

ገፈርሳ ሸምሱ ካወራልንም ይሰፋል። ነፋሱ ውሃውን ያንቀጠቅጠዋል፤ ዳክዬዎች ዳር ዳሩን ይዘው ይሄዳሉ። ይህን ሁሉ ያየሁት አኩርፌ ነው። ዘይነባ ከሱቅ ያመጣችውን ሐላዋ ከሁለት ቆርጣ ትልቁን ሰጠችኝ። «የጾም ነው፤ ወተት የለበትም፣ አባቴን ጠይቄያለሁ» አለች። ሁዳዴ ነበርና። ሳላመሰግን በላሁ። የጣፋጩን ዱቄት ከጣቴ ልሼ ሳበቃ ተነሥቼ ብቻዬን የሐይቁን ዳር ይዤ ሄድሁ፤ ስትጠራኝም አልመለስሁም። በኩርፊያ ስንት ጊዜ እንዳለፈ አላወቅሁም።

ስንመለስ ሸጎሌ ሳንደርስ ዘይነባ መንገድ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። የሸምሱ ሰዓት ቀጭን ክንዷ ላይ ይሽከረከራል።

«ስምንት ተኩል ሆኗል። ሳይክሉን ስጪኝና ልቅደም፤ አንቺን እስከ ማታ ማንም አይፈልግሽም።»

«ተራው የማን ነው?»

«ያንቺ ነው፤ ግን...»

«መጀመሪያ ሁለቱን እንጨቴን መልሺ።»

«ውሰጂ! ነገ ሃያም ውሰጂ፣ መቶም ውሰጂ። ዛሬን ብቻ፤ በእናትሽ!»

«ነገ የሚባል ቁጥር የለም» አልኳትና ወጣሁበት። አሥራ ሁለት እንጨት ነዳሁ። አንድም አላተረፍሁም፣ አንድም አላጎደልሁም። ከዚያ ወዲያ እንደ ደንቡ አሥር አሥር ሆነን መጣን። ከአሁን አሁን ደግማ ትለምነኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አልለመነችኝም።

የመጨረሻው ተራ የእኔ ሆነ። ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ሰፈር በሳይክል ስገባ ጋሽ ነስሩ ሱቃቸው ደጃፍ ቆመዋል። ሸምሱ ከኋላቸው በዓይኑ የሆነ ምልክት ይሰጠኛል።

«ይህ የልጄ ሳይክል አይደለም?» አሉ።

«ነው።»

«ዘይነባስ?»

«ከኋላ በእግሯ እየመጣች ነው።»

«ከየት?»

«ከገፈርሳ።»

ጠዋት ለእናቴ የማርያምን ስም ጠርቼ የዋሸሁ ልጅ፣ ለጓደኛዬ ስል አንድ ቃል መዋሸት አቃተኝ። ጋሽ ነስሩ አልጮኹም። «አንቺ ወደ ቤትሽ ግቢ፣ ልጄ» አሉኝ በቀስታ። ዘይነባ እግሯ እስከ ጉልበቷ አመድ መስሎ፣ ሰው ሁሉ ደጅ ወጥቶ እያያት መጣች። በአጠገቤ ስታልፍ አላየችኝም።

በሳምንቱ ሐሙስ ዴስኩ ላይ ብቻዬን ተቀመጥሁ። ሱቁ ሄድሁና ሸምሱን ጠየቅሁት። አባቷ ከአጎቷ ጋር ወደ አገር ቤት አሳፍረዋታል።

«ሳይክሉን ጎረምሶች እጅ ላይ ጥላልሽ ብትሄድ ኖሮ ምን ይውጥሽ ነበር?» አለኝ። «አሥረኛው ጋ አራት ወንዶች አይታ፣ ሳይክሉን እንዳይወስዱት ሁለት እንጨት አሳለፈችው። አንቺንም ብቻሽን ትታ ላለመሄድ እዚያው ቆማ ጠበቀችሽ። ልትነግርሽ ስትል አልሰማም አልሽ ብላኛለች።»

ጎረምሶቹን እኔም አይቻቸዋለሁ። ነጠላዬን ይዘውኛል። እዚያው እንጨት ሥር ተቀምጠው ነበር እኮ! ዓይኔ ግን እንጨት ከመቁጠር በቀር ሌላ አላየም።

ከዓመት በኋላ መዳሯን ሰማን። ከዚያ ወዲህ ያለችም ትሁን የሞተች አላውቅም። ሱቁም በኋላ ተሸጠ። ፈተናውን እኔ ተፈትኜ አለፍሁ፤ ኋላ አባቴ ታሞ ትምህርቴ እዚያው ላይ ቀረ እንጂ። በሒሳብ ከእኔ የምትሻለው ግን ለፈተናው እንኳ አልደረሰችም። አንድ የሚያንገበግበኝ ነገር ልጨምር፦ ሳይክሉን ያዋሰው፣ ሱቁን የጠበቀው ሸምሱ በሚቀጥለው እሁድ በዚያው ሳይክል ገፈርሳ ሄደ። ማንም አገር ቤት አልሰደደውም። እኔም አንድ ጥፊ አልቀመስሁም። ለአንድ ጥፋት ሦስት ሆነን አንዷ ብቻ ከፈለች። ይህን ለጋሽ ነስሩ ፊት ለፊት መናገር ነበረብኝ። ዳኛዋ ግን ያን ጊዜ ድምጿ ጠፋ።

ቅዳሜ ማህሌት በማለዳ ሳይክሏን እየገፋች ስትወጣ በር ላይ ቆሜ አየኋት።

«እማማ፣ እርስዎ ገፈርሳ ሄደው ያውቃሉ?»

«አንድ ጊዜ።»

«በምን?»

«በሳይክል።»

የቀለድሁ መስሏት እየሳቀች ሄደች። አልጠራኋትም።

በዚህ ሰፈር ከእኔ ጋር የተሟገተ ሁሉ ያውቀኛል። በውሃ ወረፋ ማንም ቀድሞኝ አያውቅም። ጎረቤት አጥሩን አንድ ክንድ ቢያስገባብኝ ሦስት ዓመት ተመላልሼ አስነሥቼዋለሁ። መብቴን ለማንም ትቼ አላውቅም። እነዚያን ሁለት እንጨቶችም ያን ዕለት ከዘይነባ ተቀብያለሁ። ይኸው እስከ ዛሬ እኔ ዘንድ ናቸው፤ የምመልስላት ግን አላገኘሁም።