እትዬ ጽዱና የሚበርረው ፍግ

የባለቤቴ ታላቅ እህት ናት። ሰፈሩ «ጽዱ» ይላታል፤ እኛ ቤተሰቦቿ ደግሞ «እትዬ» እንጨምርበታለን። የአሥራ ዘጠኝ ላሞች በረት ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በእሷ እጅ ነው። በረቱን ያየ ሰው ቅጽል ስሙን ማን እንዳወጣላት አይጠይቅም። በቀን ሁለቴ የውሃ ጎማዋን ትይዝና ሲሚንቶውን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ታጥበዋለች። እውነቴን ነው፣ የእኔ ወጥ ቤት እንደዚያ ጸድቶ አያውቅም! ባለቤቴ ይህን ስናገር ሰምቶ «እሱስ ልክ ነሽ» ስላለ አንድ ሳምንት አኩርፌዋለሁ።

እበቱን ደግሞ በአካፋ እየዛቀች ከበረቱ ጀርባ፣ ሜዳው ላይ ትከምረዋለች። «አየር ያግኝ» እያለች በየቀኑ ታገላብጠዋለች። ክምሩን የሚወስዱት ወንዝ ዳር አትክልት የሚያለሙ ሴቶች ናቸው። አለቃቸው ቁመቷ አጭር፣ ምላሷ ግን ረጅም የሆነ «ጎመኔ» የምትባል ሴት ናት።

አንድ ጠዋት ጎመኔ አንድ እፍኝ ፍግ በላስቲክ ቋጥራ መጣች።

«አንቺ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ፍግ ነዋ! ዓይንሽ ደከመ እንዴ?»

«ዓይኔስ ደህና ነው፤ የደከመው ፍግሽ ነው። ሦስት ጋሪ ደፋንበት፣ ጎመኑ ግን እንደ ታማሚ ቢጫ ሆኖ ቀረ። ለሚቀጥለው ተከላ እንዲህ ያለ ከሆነ አንወስድም፤ ቁርጡን ልንገርሽ።»

እትዬ ጽዱ ተቀጥራ የምትሠራለት የበረቱ ባለቤት ይህን ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። ጎረቤቱ ድሮም በክምሩ ሽታ ተማሮ ነበር፤ ዓይን ያስለቅሳላ! «የሚወስደው ከጠፋ ክምሩ አጥር ዘልሎ ይወጣል» አላት። «ያኔ ሰፈሩ ላሞቹን ከነእኛ ያባርራል። ከዚያ በፊት እሸጣቸዋለሁ።»

እትዬ ጽዱ የላሞቹን ጠባይ ከልጆቿ ጠባይ አብልጣ የምታውቅ ሴት ናት። ላሞቹ መኪና ላይ ሲጫኑ ቆማ ልታይ? አካፋዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ ጡረታ የወጡ አንድ የሰፈራችንን የአፈር ባለሙያ ፍለጋ ሄደች።

ሰውየው ኪሳቸው አፈር አጥቶ አያውቅም። መጡና ክምሩ አጠገብ ቁጢጥ አሉ፤ አፍንጫቸውን ሲያስጠጉ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ።

«ይሄ የሚያቃጥለን አሞኒያ ነው» አሏት ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ጎመኑ ሊበላው የሚገባው ናይትሮጅን ክንፍ አውጥቶ እየበረረ ነው። ባገላበጥሽው ቁጥር ታበርሪዋለሽ።»

«ጋሼ፣ ሌላው አገርም እንዲህ ነው ወይስ ሞኞቹ እኛ ብቻ ነን?»

ባለሙያው ሳቁ። «ቀዝቃዛ አገር ያሉት እበቱን ከነሽንቱ በትልቅ ገንዳ ያጠራቅሙታል፤ ክዳን ካልገጠሙለት ከላይ ይበርባቸዋል። ደረቅ አገር ያሉት ሜዳ ላይ ይተዉትና ፀሐይ ይነጥቃቸዋል። ዝናብ የሚበዛባቸው ደግሞ ጎርፍ ያጥብባቸዋል። አድርቆ የሚያነደውም አለ።»

«ሁሉም ያፈሳል በሉኛ!»

«ሁሉም ያፈሳል፤ የሚለያየው ቀዳዳው ነው።»

«የእኛስ ትልቁ ቀዳዳ የቱ ነው?»

ሰውየው መልሱን ትተው በረቱ በር ላይ የተጠቀለለውን የውሃ ጎማ አዩት።

«የምታጥቢበት ውሃ ወዴት ይሄዳል?»

«ወደ ቦዩ።»

«ከቦዩስ?»

«ወንዝ ነዋ…»

«ላሟ ከምታወጣው ናይትሮጅን ትልቁ ድርሻ ሽንቷ ውስጥ ነው።»

እትዬ ጽዱ ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጫነች። «ታዲያ እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለጎመኑ ገለባውን ሰጥቼ፣ ጉልበቱን ወንዙን ሳጠጣ ኖሬያለሁ በሉኛ!»

ባለሙያው ያዘዙት ቀላል ነበር፤ ለሌላ ሰው። ጭድ በደንብ ይነጠፍ፣ ሽንቱን ይጠጣ፣ ሲርስ ከነእበቱ ተዝቆ ጣራ ሥር ይከመር፣ ከላይ ሸራ ይልበስ፣ በየቀኑ መነካካቱ ይቅር። ወለሉ በውሃ አይታጠብ! ይህን ለእሷ መንገር ፊትሽን አትታጠቢ እንደማለት ነው።

ሁለት ቀን ቻለች። በሦስተኛው ቀን ልጠይቃት ስሄድ ጎማውን ይዛ ቧንቧው ዘንድ ቆማ አገኘኋት።

«ትንሽ ብቻ ላለቅልቀው» አለችኝ፣ በዕድሜ የማንሳትን እኔን እንደ እናቷ እየለመነች።

«እትዬ፣ ጎመኔ ብታይሽስ?»

«ጎመኔን ተያት! ላሞቼ ምን ይሉኛል?»

«ላሞችሽማ ወይ ጭድ ላይ ይተኛሉ፣ ወይ መኪና ላይ ይወጣሉ።»

ይህን ስትሰማ ጎማውን ራሷ ነቅላ ጠቀለለችው። የማለቢያውን ክፍል ግን በባልዲ ታጥባለች፤ እሱን የሚከለክላት ገና አልተወለደም። ጭዱም ቢሆን ዋዛ አልነበረም፤ መጀመሪያ አሳነሰችውና ረጠበባት፣ እጥፍ ስታደርገው ላሞቹ ደረቅ መኝታ ላይ ተንፈላሰው ያመሰኩ ጀመር።

ፍጉ ሲበስል ሸራውን ገለጠች። ጥቁር፣ ፍርፍር ያለ፤ ሽታው ዝናብ የነካው አፈር! ጎመኔን ለምና አንድ መደብ በአሮጌው ፍግ፣ አጠገቡ ያለውን በአዲሱ አስተከለቻት። በአንድ ወንዝ ውሃ፣ በአንድ ቀን የተተከለ ጎመን ነው። በስድስተኛው ሳምንት አብረን ሄድን። አንደኛው መደብ ያው ቢጫ፣ ሌላው ቅጠሉ የእኔን ሁለት መዳፍ የሚያክል፣ አረንጓዴው ወደ ጥቁር ያደላ። እኔ እልል ልል ስል እትዬ ጽዱ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ ጎመኔ ራሷ እንድትናገር ፈልጋ።

ጎመኔ ቅጠሉን ገለበጠች፣ ግንዱን ጨበጠች።

በመጨረሻ «ይሄን ለሌላ ሰው ቃል ገብተሽበታል?» አለች ቀስ ብላ።

«ጠያቂ አለ» አለች እትዬ ጽዱ። ማንም አልጠየቃትም ነበር!

«እንዳትሰጪብኝ! ሁሉንም እኔ ነኝ የምወስደው። የሚቀጥለውንም።»

የበረቱ ባለቤት ስለ መሸጥ ዳግም አላነሳም። ለተከላው ጋሪዎቹ ከቀጠሮው ሁለት ቀን ቀድመው ግቢው በር ላይ ተሰለፉ። ሴቶቹ ከክምሩ እየዛቁ ወሬ ሲይዙ፣ እትዬ ጽዱ ከበረቱ ውስጥ ብቅ አለችና ወገቧን ይዛ ጮኸች፦

«ሸራውን መልሱ እንጂ! እናንተ ስታወሩ እየበረረ ነው!»