አያ ረመዳን የመረቋት ዕቃ

ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር። ወይስ 16? ጥምቀት አልፎ ታቦት ከገባ በኋላ መሆኑን አስታውሳለሁ፤ ግን የቆቦ ጥር ሁሉ አንዱ ካንዱ አይለይም፣ ሙቀቱም አቧራውም ያው ነው። የእኔ ማስታወሻ 14 ይላል፤ የከማሉዲን ቅጽ ላይ 16 ተጽፏል። ቀኑን አጥብቄ የምፈልገው ከማሉዲን አባቱን ያጣው ያን ዕለት ስለሚመስለኝ ነው። አባቱ የሞቱት ግን ከስምንት ወር በኋላ ነው።

ከማሉዲን የሮቢት ልጅ ነው፤ ያኔ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ። አዲስ ዓይነት ምርመራ የአዋቂዎችን የሳንባ ነቀርሳ በገጠር ቶሎ መለየት ይችል እንደሆነ የሚያጠኑ ሰዎች መጥተው ቀጥረውት ነበር። ከሮቢት እስከ ዋጃ በሞተር እየዞረ የሚያስሉ ሰዎችን አክታ ይሰበስባል፤ በበረዶ ሳጥን ይዞ ቆቦ ላቦራቶሪ ያደርሳል። እኔ የተቀጠርሁት መመሪያውን ሰው በሚገባው አማርኛ እንድጽፍ ነው። «ምራቅ አይደለም፤ ከደረት የሚወጣ አክታ ነው» የሚለው መስመር የእኔ ነው። ሁለት ሳምንት ከሞተሩ ኋላ ተቀምጬ አብሬው ዞርሁ።

ለሥራው የተፈጠረ ነበር። እንዴት እንደሚሳል ራሱ ወገቡን ይዞ እየሳለ ያሳያል፤ ሴቶቹ ይስቁበታል።

«ኧረ አንተን ይመርምሩህ፣ ከኛ ብሰሃል!»

የዘመድ ናሙና እንዳይወስድ ደንብ ነበር። «ያን ደንብ ያወጣው ሰውዬ ሮቢትን አያውቃትም» አለኝ። «እዚህ ዘመዴ ያልሆነው ግመሉ ብቻ ነው።»

አባቱን አያ ረመዳንን አገሩ በሙሉ ያውቃቸዋል። ደም የተቃባ ሲታረቅ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ሲመርቁ እትፍ እትፍ ይላሉ፤ ሰው ጎንበስ ብሎ በአናቱ፣ በመዳፉ ይቀበላል። ያን ምራቅ የጠረገ ሰው አይቼ አላውቅም። በጦርነቱ ጊዜ የሳንባ መድኃኒት ጀምረው በሁለት ወራቸው አቋርጠው ነበር፤ ሳሉ ተመልሶባቸዋል።

ያን ቀን የከማሉዲን ታናሽ እህት ሂባ የምንቀመጥበት ዱካ አወጣችልን። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ አባቷን የምታስታምመው እሷ ነበረች። አያ ረመዳን ክዳን ያላትን ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ተቀብለው ወደ ብርሃን አነሷት።

«ይቺን ብሰጥህ ሥራህ ይቃናል?»

«ይቃናል አባ። ግን ከደረትዎ ነው፤ እንዳሳየሁዎት።»

«ደረቴ ውስጥ ያለው ቆሻሻ ነው። ለልጄ ቆሻሻ አልሰጥም።»

ዕቃዋን ወደ አፋቸው አስጠጉ። «ቢስሚላህ። መንገድህ ይቅና፤ እንጀራህ ይስፋ፤ ያየህ ሁሉ ይውደድህ።» እትፍ፣ እትፍ አሉባት።

«አሚን» አለች ሂባ፤ ከሁላችን ቀድማ።

ከማሉዲን በሁለት እጁ ተቀበለ። ውስጡ ያለው እንደ ውኃ የጠራ ነበር። ትንሽ አየው፤ ክዳኑን አጥብቆ ዘጋና ሳጥኑ ውስጥ አስገባው። እኔ ደብተሬን አውጥቼ «የሚያምር ነገር አየሁ» ብዬ ጻፍሁ። መመሪያውን የጻፈው ሰውዬ እኔ ነበርሁ።

ላቦራቶሪ ውስጥ ባለሙያዋ ወይንሸት ዕቃዋን አዘነበለቻት።

«ከማል፣ ይኼ ምራቅ አይደል እንዴ?»

«የሳቸው እንደዚህ ነው የሚወጣው።»

«እርግጠኛ ነህ? ሌላ ይስጡ፤ ይመለስ።»

«አይመለስም» አለ። እሷ ሞገደኝነት መሰላት። እኔ ግን ገባኝ፤ የአባቱን ምርቃት መልሶ «ይኼ አይሆንም፣ ሌላ ስጡኝ» የሚል ልጅ በዚያ አገር አልተወለደም። ወይንሸት መረመረችው። ውጤቱ «ነቀርሳ የለም» ሆነ።

ከዚያ ወዲያ ልጁ ድጋሚ እንመርምር ባለ ቁጥር አያ ረመዳን ሳላቸው እስኪያቆማቸው ይስቃሉ። «ማሽኑ ነፃ ነህ ብሎኛል! አንተ ከማሽን ትበልጣለህ?» ለምን ነፃ እንዳላቸው ሊነግራቸው አልቻለም። መስከረም ላይ ሞቱ። በታኅሣሥ ሂባ ማሳል ጀመረች። የእሷ አክታ ደም ነበረበት፤ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ተባለ።

ጥናቱ አልቆ ታትሟል። የአማርኛውን ማጠቃለያ ያረምሁት እኔ ነኝ። ስም የለበትም፤ አያ ረመዳን ግን «ነፃ» ከተባሉት ቁጥር ውስጥ አሉ።

ከማሉዲንን መጨረሻ ያገኘሁት በሰኔ፣ ቆቦ አስፋልቱ ዳር ነው። ሳጥኑን እግሩ ሥር አስቀምጦ ቆሟል፤ ሂባ በአንድ አምቡላንስ መስኮት በኩል፣ አፏን ሸፍና፣ ትታየኛለች።

«ደሴ ሪፈር ጻፉላት» አለኝ። «በየወሩ አክታዋ እየተላከ ይታያል። መንገድ የተዘጋ ጊዜ እንኳ በእግሬ አሻግሬያለሁ። መድኃኒት በጀመረች በሁለተኛ ወር፣ በሽታው አለ። አራተኛ ወር፣ አለ። ስድስተኛውም ትናንት መጣ፤ አለ።»

«አሁንስ?»

«አንድ የቀረ መድኃኒት ይሞክራሉ። ከዚያ በኋላ የሚሞከር የለም ብለውኛል።» ሳጥኑን በእግሩ ገፋ አደረገው። «የሷን ሦስት አራቴ አስመልሻታለሁ ጋሼ። ‹ይኼ ምራቅ ነው፣ ከደረትሽ አውጪ› እያልሁ። ለሷ አፌ እንዴት እንደሚፈታ!»

አይዞህ ማለት ውሸት መሰለኝ።

«አንተ የተመረቅህ!» አለች ሂባ ከመስኮቱ። «ሾፌሩ ጥሎህ ሊሄድ ነው፤ የአባ ምርቃት በእግርህ ደሴ ያድርስህ!» ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠባት። ከማሉዲን ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ሳሉ እስኪያልፍ ጠበቀ።

ሂባ ያን ዕለት «አሚን» ያለችባት ዕቃ ምራቅ ብቻ እንደያዘች ታውቅ እንደሆነ፣ ነግሯት እንደሆነ፣ ልጠይቀው አፌን ከፈትሁ። ሳጥኑን አንሥቶ ወደ አምቡላንሱ ሮጠ። በሩ ተዘጋ፤ አምቡላንሱ በሮቢት በኩል ወደ ደሴ አቀና።