የታምራት አስር ሳንቲም

"እናቴ፣ ልጅዎ አልሞረደውም" አለኝ ዛሬ ፒያሳ ያለ አንድ የድሮ ሳንቲም ነጋዴ። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

ልጄ ታምራት ካረፈ አምስት ወሩ ነው። ቃሊቲ ብረታ ብረት ቤት ተቀጥሮ ቀኑን ሙሉ ብረት ሲሞርድ ይውል ነበር፤ ማታ ማታ ደግሞ ያገኘውን ለየት ያለ ሳንቲም ያሳየኝ ነበር።

አንድ ቀን የኒያላው ቀንድ የተቆረጠ አስር ሳንቲም አምጥቶ "እማዬ፣ ሲሠራ ጀምሮ እንዲህ ነው" አለኝ።

"ራስህ ሞርደህ፣ ብርቅ ነው ብለህ ሰው ልታታልልበት ነው!" ብዬ ጎረቤት ፊት ውሸታም አልኩት። ከዚያ ወዲህ ሳንቲም አሳይቶኝ አያውቅም።

ዛሬ ያንን ሳንቲም በመሀረብ ቋጥሬ፣ ደረቴ ውስጥ ደብቄ ከቃሊቲ ባቡር ተሳፈርኩ። ሌባ ቢያገኘኝ እኮ አስር ሳንቲም ይዞ ነበር የሚሄደው።

ሰውዬው በማጉያ መስታወት አየው። "ቢሞረድ ጭረት ይታይ ነበር። ይሄ ሲታተም ምስሉን ከሚያትመው መምቻ ስር ሸሽቶ ነው። በዚህ በኩል ቀንዱ ሳይታተም ቀረ፤ በዚያ በኩል ደግሞ ይኸው ባዶ ብረት ተርፏል።"

ልጄ እውነቱን ነበር። አሁን ማንን ይቅርታ ልጠይቅ?

እናንተም እንዲህ ዘግይታችሁ ያወቃችሁት ነገር ካለ ጻፉልኝ። ዛሬ ቤቱ ከብዶኛል።