የዓይን ጸበል

ልጅ ሆኜ ቡሬ ሳለን ማንበብ እምቢ ሲለኝ፣ ጥፋቱ የዓይኔ እንደሆነ ቤተሰቡ ሁሉ ተስማማ። ፊደል የሚታየው በዓይን ነዋ! እናቴ ግሽ ዓባይ ድረስ ወስዳ ጸበል አስጠመቀችኝ። ለውጥ ሲጠፋ መነጽር ተገዛልኝ። አልዋሽም፣ መነጽሩ ሠርቷል፤ ማንበብ ያቃተኝን ፊደል አጥርቼ አየሁበት።

ሰንበት ትምህርት ቤት ደግሞ ጭብጨባዬ ሁልጊዜ ከመዝሙሩ ኋላ ይደርስ ነበር። አስተማሪያችን መጨረሻ ረድፍ ላይ አቆሙኝና «አንቺ እጅሽን አታጋጪው፣ ብቻ አስመስይ» አሉኝ። ሁለቱን ነገር ያገናኘ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። መዝሙር የጆሮ፣ ንባብ የዓይን ነበራ!

ዘንድሮ ልጄንም ንባብ ሲያስቸግራት ፍኖተ ሰላም አንዲት መምህርት ዘንድ ወሰድኋት። መምህርቷ መጽሐፍ እንኳ አልገለጡም። አንድ ቃል ጠርተው፣ እየቆራረጠች በጭብጨባ እንድትለው ጠየቋት። እንደ እኔው ተደናበረች።

«ብዙ ጊዜ ችግሩ የዓይን አይደለም» አሉኝ። «እንዲህ ያሉ ልጆች የንግግርን ድምፅ ለያይቶ መስማት፣ ምቱን መከተል ይከብዳቸዋል። ድምፁ ካልተለየ ደግሞ ፊደሉ ምኑ ላይ ይለጠፍ?» በልምምድ እንደሚሻላትም ነገሩኝ።

ቤት ስገባ ሁሉን ለእናቴ አስረዳኋት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና ደረቷን መታች።

«ወይኔ ልጄን! ያኔ ጸበሉ ውስጥ ስትገቢ እኮ፣ ውኃ እንዳይገባብሽ ብዬ ጆሮሽን በጥጥ የደፈንሁት እኔ ነኝ!»